ምስሉ፣ ማሽኑና መለያው፦ የመርሳት ሕመምን በአንጎል ምስል ስለ መተንበይ

መግቢያ

አንድ አዛውንት ደጋግመው መርሳት ሲጀምሩ በአማርኛ «ጃጁ» ይባላል። ቃሉ እርጅናንና ሕመምን አይለይም፤ ሁለቱን በአንድ ያጠቃልላል። «ዕድሜ ነው» የሚለው መልስም ጥያቄው ሳይነሣ ይዘጋዋል። ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት ሕመም የሚለው ስያሜ ሌላ ነገር ይናገራል፦ እንዲህ ያለው መርሳት በአንጎል ውስጥ የሚካሄድ፣ ምክንያቱ ሊጠና የሚችል ጉዳት ውጤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ ናቸው። በየዓመቱም ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ሕሙማን ይጨመራሉ። ከሕመሙ ዓይነቶች ሁሉ ሰፊውን ድርሻ፣ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚደርሰውን፣ የሚይዘው የአልዛይመር በሽታ ነው።

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ማሽን ለርኒንግና የአንጎል ምስል ተጣምረው ሕመሙን ቀድሞ የመለየት፣ ከዚያም አልፎ የመተንበይ ተስፋ ፈጥረዋል። ዘርፉ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ቅርብ ሆኗል፤ መረጃው በበይነ መረብ ይገኛል፣ የሞዴሎቹ ኮድ ክፍት ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ የሚማረው ከሁለት ነገሮች ጥምረት ነው፤ ከምስሉና ምስሉ ላይ ከተለጠፈው መለያ። ስለ ምስሉ ብዙ ተጽፏል። መለያው፣ ማለትም «ጤነኛ» ወይም «ሕመምተኛ» የሚለው ቃል፣ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ከፍራንክፈርት እስከ ኤምአርአይ

እ.ኤ.አ. በ1901 መጨረሻ አውጉስተ ዴተር የተባሉ የ51 ዓመት ሴት ፍራንክፈርት ከተማ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ አሎይስ አልዛይመር ስማቸውን፣ የባለቤታቸውን ስም፣ የሚበሉትን ምግብ ሳይቀር እየጠየቁ መልሳቸውን በጥንቃቄ መዘገቡ። ሕመምተኛዋ በ1906 ሲሞቱ አልዛይመር አንጎላቸውን በማይክሮስኮፕ መረመሩ፤ ከነርቭ ሴሎች ውጭ የተጠራቀሙ ንጣፎችንና በሴሎቹ ውስጥ የተቋጠሩ ክሮችን አገኙ። በዚያው ዓመት ግኝታቸውን ቱቢንገን ላይ አቀረቡ፤ በ1910 ደግሞ ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ በሽታውን በአልዛይመር ስም ጠሩት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ማስረጃዎች ተገናኝተዋል። አንደኛው ከሕመምተኛዋ ጋር የተደረገው ጭውውት፣ ሁለተኛው በአንጎላቸው ላይ የታየው ምልክት ነው። የዛሬው የማሽን ለርኒንግ ጥናትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ምስሉ ሰውየው በሕይወት ሳለ መነሣቱና ጭውውቱ ወደ አንድ ቁጥር መጠቅለሉ ነው።

ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርጽ ያሳያል። በአልዛይመር በሽታ ቀድመው ከሚጎዱት ክፍሎች አንዱ አዲስ ትውስታን በማስፈር ረገድ ዋና ድርሻ ያለው ሂፖካምፐስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ጥምር ትንተና እንደሚያሳየው የጤነኛ አረጋውያን ሂፖካምፐስ በዓመት በአማካይ 1.41 በመቶ ሲቀንስ፣ የአልዛይመር ሕሙማን ግን 4.66 በመቶ ይቀንሳል። ፔት የተባለው መሣሪያ ደግሞ ቅርጽን ትቶ ሂደትን ያሳያል፤ አንጎል ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀም፣ ወይም አሚሎይድ የተባለው ፕሮቲን የት እንደተከማቸ። አሚሎይድን በሕያው ሰው አንጎል ውስጥ ማየት ያስቻለው የፒትስበርግ ውሕድ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ2002 ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ላይ ሲሆን፣ ውጤቱ በ2004 ታትሟል።

ማሽኑ ምን ቻለ?

የምስሉና የማሽኑ ጋብቻ ቀደምት ከሆኑ ማሳያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የለንደን ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ሰፖርት ቬክተር ማሽን የተባለው ስልት፣ ሕመማቸው ከሞት በኋላ በአንጎል ምርመራ ከተረጋገጠ የአልዛይመር ሕሙማን መካከል እስከ 96 በመቶ የሚሆኑትን በኤምአርአይ ብቻ በትክክል ለየ። ለዘርፉ ዕድገት መሠረት የሆነው ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው የአልዛይመር በሽታ የምስል ጥናት ጥምረት፣ በአኅጽሮት አድኒ፣ ነው። አድኒ በመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ ምስላቸውን፣ የፈተና ውጤታቸውንና የላቦራቶሪ መረጃቸውን ለተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት አደረገ። ዛሬ በዘርፉ ከሚወጡ ጽሑፎች እጅግ ብዙዎቹ በዚህ መረጃ ላይ የቆሙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ከ1,002 ሰዎች በተነሡ 2,109 የፔት ምስሎች ላይ የተመሠረተ የጥልቅ ትምህርት ሞዴል አቀረቡ። ሞዴሉ ከሌላ ቦታ በመጡ የ40 ሰዎች ምስሎች ሲፈተን የአልዛይመር ሕሙማኑን በሙሉ ለየ፤ ሕመሙ ከሌለባቸውም 82 በመቶዎቹን በትክክል ለየ። ይህን ያደረገው የመጨረሻው የሐኪም ውሳኔ ከመሰጠቱ በአማካይ 75.8 ወራት፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በላይ፣ አስቀድሞ ነው። የፈተናው ተሳታፊዎች ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ተስፋው ትንሽ አይደለም።

ከዚህ ጎን ለጎን መታየት ያለበት በ2017 የተጀመረው ታድፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር ነው። በውድድሩ 33 ቡድኖች በ92 አልጎሪዝሞች ተሳተፉ፤ የተጠየቁትም ገና ያልተሰበሰበን የወደፊት መረጃ እንዲተነብዩ ነበር። የሐኪሙን ውሳኔና በአንጎል ውስጥ ያሉትን በፈሳሽ የተሞሉ ክፍተቶች መጠን በመተንበይ ረገድ ጥሩ ውጤት ተገኘ። ሰዎቹ በማስተዋልና በማስታወስ ፈተና የሚያመጡትን ነጥብ በመተንበይ ረገድ ግን ከዘፈቀደ ግምት የሚሻል ቡድን አልተገኘም። ማሽኑ አንጎሉ እንዴት እንደሚቀየር ሲተነብይ፣ ሰውየው በዚያ አንጎል ምን ማድረግ እንደሚችል መተንበይ ተሳነው።

ከከፍተኛው ቁጥር ጀርባ

«99 በመቶ ትክክለኛነት» የሚል ሐረግ በዘርፉ ጽሑፎች ውስጥ አዘውትሮ ይታያል። እንዲህ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ይመነጫል።

የመጀመሪያው የመረጃ ማፍሰስ ነው። አንድ የኤምአርአይ ምርመራ በመቶ የሚቆጠሩ ቁራጭ ምስሎች ይወጡታል። እነዚህ ቁራጮች በዘፈቀደ ተቀላቅለው ለሥልጠናና ለፈተና ከተከፋፈሉ የአንዱ ሰው አንጎል በሁለቱም ወገን ይገኛል። በዚህ ጊዜ ሞዴሉ ሕመሙን መለየት አያስፈልገውም፤ ሰውየውን ማስታወስ ይበቃዋል። ፈተናውን ቀድሞ ያየ ተማሪ ጥሩ ውጤት ቢያመጣ ማንም አይደነቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 የፓሪስ ተመራማሪዎች ባወጡት ግምገማ ከመረመሯቸው ጽሑፎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ ችግር ሳይጠቁ እንዳልቀሩ አመልክተዋል። ማፍሰሱ ተወግዶ ሲለካም የተራቀቁት የጥልቅ ትምህርት ሞዴሎች ከቀላሉ ሰፖርት ቬክተር ማሽን የተሻለ ውጤት አላመጡም። በካግል ላይ የሚገኘውና በተማሪዎች ዘንድ የተለመደው የ6,400 ቁራጭ ምስሎች ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአራት ምድብ ከተከፈሉት ምስሎች ውስጥ በመካከለኛ ደረጃ ሕመም ሥር ያሉት 64 ብቻ ናቸው፤ የትኛው ቁራጭ የየትኛው ሰው እንደሆነ ካልታወቀ ደግሞ መረጃውን በሰው መከፋፈል አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት የሕመሙ ስርጭት ነው። ለምሳሌ አንድ ሞዴል ከሕሙማን 90 በመቶውን፣ ከጤነኞችም 90 በመቶውን በትክክል ይለያል ተብሎ ይወሰድ። ግማሹ ሕመምተኛ በሆነበት የጥናት ስብስብ ውስጥ ይህ እጅግ መልካም ነው። ከመቶው አምስቱ ብቻ በታመሙበት የ1,000 አረጋውያን ማኅበረሰብ ውስጥ ግን 50 ሕሙማንና 950 ጤነኞች አሉ። ሞዴሉ ከሕሙማኑ 45ቱን ሲያገኝ ከጤነኞቹ 95ቱን በስሕተት ይጠቁማል። «ታመዋል» ከተባሉት 140 ሰዎች መካከል በእርግጥ የታመሙት ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። ሞዴሉ አልተቀየረም፤ የተቀየረው የተመረመረው ሕዝብ ነው።

መለያው ከየት መጣ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መድረስ ይቻላል። በአድኒ መረጃ ውስጥ አንድ ሰው በየትኛው ወገን እንደሚመደብ የሚወሰነው በጽሑፍና በቃል ፈተናዎች፣ ከራሱና ከቅርብ ሰው ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅና በሐኪም ውሳኔ ነው። ከፈተናዎቹ ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና ከ30 ነጥብ የሚታረመው አጭር የአእምሮ ሁኔታ ምርመራ ነው። በመጀመሪያው የአድኒ ምዕራፍ ከ24 እስከ 30 ያመጡ ከጤነኞቹ ሊመደቡ ሲችሉ፣ የአልዛይመር ምድብ ከ20 እስከ 26 ያለውን ያቅፍ ነበር። ተሳታፊዎቹ እንግሊዝኛ ወይም ስፓንኛ አቀላጥፈው መናገር ነበረባቸው፤ በአማካይም ወደ 15 ዓመት ገደማ የተማሩ ነበሩ።

ይኸው ፈተና ዕድሜያቸውን በእርሻ ላሳለፉ ወይም ልጆቻቸውን ተከትለው በስተርጅና ወደ ዋሽንግተን ለሄዱ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ይቅረብ። የመጀመሪያው ጥያቄ ዓመተ ምሕረቱን ይጠይቃል። አዛውንቱ የሚሰጡት መልስ ከፈታኙ የቀን መቁጠሪያ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል፤ መልሱ ግን ትክክል ነው። ቀኑን ሲጠየቁ «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው» ቢሉ ወሩ በባተ በ23ኛው ቀን ላይ እንዳሉ በትክክል ተናግረዋል። ወቅቱን ሲጠየቁ ሐምሌ ላይ «ክረምት» ይላሉ፤ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚያርም ተርጓሚ ግን ክረምትን የበረዶው ወራት አድርጎ ወስዶ ነጥቡን ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በሞንትሪያል የወጣው ሌላው የታወቀ ፈተና ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ የሚል ሰዓት እንዲሣል ያዝዛል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዐሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥር ሲሆን በግድግዳው ሰዓት ላይ አጭሩ ዘንግ የሚያመለክተው አምስትን ነው፤ አዛውንቱ የሚያውቁትን በትክክል ቢሥሉ ወረቀቱ ስሕተት ይልባቸዋል። ያው ፈተና በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላትን ማስቆጠርም አለበት። በአማርኛ «ፈ» ሲባል የመጀመሪያው ሆሄ ብቻ ነው ወይስ ከፈ እስከ ፎ ያሉት ሰባቱም? የቀደመው ፈተና ደግሞ «ዓለም» የሚል ትርጉም ያለውን ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ኋላ ማስቆጠርን በአምስት ነጥብ ያርማል፤ የአማርኛው ቃል ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደግሞ ጥያቄው ከመነሻው አይሠራም።

እነዚህ ትንንሽ የትርጉም እንከኖች ሊመስሉ ይችላሉ፤ ለማሽን ለርኒንግ ግን ትንንሽ አይደሉም። በእንዲህ ያለ ፈተና «ሕመምተኛ» የሚል መለያ የተሰጣቸው ሰዎች ምስል ለሥልጠና ከገባ፣ ሞዴሉ የትምህርት ቤት ዕጦትን፣ የስደትን፣ የሌላ ቀን መቁጠሪያን ውጤት ከአንጎል ቅርጽ ጋር ለማዛመድ ይደክማል። ከዚያም ውጤቱ «ከምስል የተገኘ» ስለሚባል ከፈተናው የበለጠ ተአማኒ ሆኖ ይታያል። የሰው ስሕተት በማሽን በኩል ሲያልፍ የሳይንስ ካባ ይደርባል።

በመረጃው ውስጥ የሌሉት

መለያው ትክክል ቢሆን እንኳ ማን እንደተመዘገበ መጠየቅ ይገባል። አድኒ የአልዛይመርን መንገድ አጥርቶ ለማጥናት ሲል በአንጎል የደም ሥር ጉዳት ምክንያት የታመሙ የሚመስሉትን፣ በራስ ቅል ውስጥ ደም የፈሰሰባቸውን፣ ፈሳሽ የተጠራቀመባቸውን ሰዎች አላካተተም። ለጥናቱ ዓላማ ይህ አግባብ ነው። ሆኖም በዚያ መረጃ የሠለጠነ ሞዴል ለአጠቃላይ ሆስፒታል ሲቀርብ አይቷቸው የማያውቃቸው ሕሙማን ይገጥሙታል። የሚያውቀው ሁለት ወይም ሦስት ምድብ ብቻ ስለሆነ ከእነዚያ አንዱን መርጦ ይሰጣል። ወድቀው ጭንቅላታቸው ውስጥ ቀስ በቀስ ደም የተጠራቀመባቸውን አዛውንት «አልዛይመር» ቢላቸው በቀዶ ሕክምና ሊድን የሚችል ሰው ወደማይድን በሽታ ተመደበ ማለት ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምና ድባቴም በተመሳሳይ መንገድ የመርሳት ሕመምን ይመስላሉ፤ ሦስቱም ሊታከሙ ይችላሉ።

«የአንጎል ዕድሜ» የተባለው ስልትም የራሱ ጥያቄ አለበት። ሞዴሉ ከምስል የሰውን ዕድሜ ይገምታል፤ ግምቱ ከትክክለኛው ዕድሜ ከበለጠ አንጎሉ ያለጊዜው አርጅቷል ይባላል። ስሌቱ የሚቆመው የልደት ቀን በትክክል ከታወቀ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ዛሬ ሰባ የተሻገረ የገጠር ሰው ዕድሜውን የሚያሰላው በአገር ታሪክና በቤተሰብ ትውስታ ነው፤ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ»፣ «ከታላቅ ወንድሜ በሁለት ክረምት አንሼ» እያለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ እስራኤል ከገቡት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን መካከልም ብዙ ጎልማሶችና አረጋውያን በሰነዳቸው ላይ የሰፈረላቸው ዕድሜ በግምት የተሰጠ ነበር። የመዝገቡ ዕድሜ አምስት ዓመት ቢሳሳት ማሽኑ የመዝገብ ሹሙን ግምት የአንጎል ጉዳት አድርጎ ያነበዋል።

በመጨረሻም ምስሉ ራሱ ሰውየውን አያክልም። ዴቪድ ስኖውደን እ.ኤ.አ. በ1986 በጀመሩትና 678 መነኮሳትን ባካተተው ጥናት፣ አንዲት ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ መነኩሲት በፈተና ጥሩ ውጤት እያመጡ ከኖሩ በኋላ አንጎላቸው ሲመረመር የአልዛይመር ምልክቶች በብዛት ተገኝተውበታል። ምስልን ብቻ የሚያይ ማሽን እኚህን እናት ሕመምተኛ ይላቸው ነበር።

ትንበያው ለማን ይጠቅማል?

ትንበያ ዋጋ የሚኖረው ከእርሱ በኋላ የሚደረግ ነገር ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካነማብ የሕመሙን ግስጋሴ በ18 ወራት ውስጥ በ27 በመቶ ያህል አዘግይቷል። መድኃኒቱ የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል ተደጋጋሚ የኤምአርአይ ክትትል ይፈልጋል። ኤምአርአይ በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች በተወሰነበት አገር ይህ መንገድ ለአብዛኛው ሕዝብ ሩቅ ነው።

ይህ ማለት ግን ቀድሞ ማወቅ ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት ኮሚሽን ሊለወጡ የሚችሉ 14 የስጋት ምክንያቶችን ዘርዝሮ ወደ 45 በመቶ የሚጠጋው የመርሳት ሕመም ከእነርሱ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የመስማት ችግር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የልጅነት ትምህርት ማጣት ከዝርዝሩ ይገኛሉ። ግፊትን ለመለካት ኤምአርአይ አያስፈልግም። ማሽን ለርኒንግም በዚህ አገር ይበልጥ ሊረዳ የሚችለው ምናልባት በትንሹ መሣሪያ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ የመግነጢስ ጉልበቱ 0.064 ቴስላ ነው፤ ከተለመደው ባለ 3 ቴስላ መሣሪያ ወደ 47 ጊዜ ያነሰ። ልዩ ክፍል አይሻም፤ በተራ የኤሌክትሪክ ሶኬት ይሠራል። የሚሰጠው ደብዛዛ ምስል በአልጎሪዝም ሲጠራ፣ የፈሰሰ ደምንና የተጠራቀመ ፈሳሽን ለመሰሉ ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶች ምልክት ሊሰጥ ይችላል።

መለያውን በተመለከተም የሚከተሉት አርአያዎች አሉ። በናይጄሪያ ኢባዳንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የተካሄደው የንጽጽር ጥናት ከሕመምተኛው ፈተና ጎን ለጎን የቤተሰብ አባልን የሚጠይቅ መጠይቅ ተጠቅሟል። በታንዛኒያና በናይጄሪያ የተሠራው ባለ ስድስት ጥያቄው የአይዲኢኤ መለኪያ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከወረቀት ሥዕል ይልቅ በክብሪት እንጨት ቅርጽ ማስመሰልን ይጠቀማል። በኢትዮጵያም ለቤተሰብ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ከኑሮው ሊቀዱ ይችላሉ፦ እቁብ ላይ ተራው የማን እንደሆነ ያውቃሉ? የዕድር ቀን ይስታሉ? ከገበያ የመለሱላቸውን ገንዘብ ይቆጥራሉ? ለቅሶ የደረሱበትን ሰው በሕይወት እንዳለ አድርገው ይጠይቃሉ? እንዲህ ያሉ መልሶች በወጉ ተመዝነው ከተረጋገጡ ለምስሉ የሚለጠፈው ቃል የሚታመን ይሆናል።

ማጠቃለያ

የአንጎል ምስልና ማሽን ለርኒንግ አብረው የመርሳት ሕመምን ቀድሞ ማየት እንደሚችሉ ተጨባጭ ማስረጃ አለ። ማስረጃው የተሰበሰበው ግን ከተወሰኑ ሰዎች፣ በተወሰነ ቋንቋ፣ በተወሰነ የትምህርት ደረጃ ነው። በዘርፉ ለሚሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት አራት ነገሮችን በግልጽ መጻፍ ብዙ ይፈታል፦ መረጃው በምስል ሳይሆን በሰው መከፋፈሉ፣ ሞዴሉ ከሥልጠናው ውጭ በተገኘ ስብስብ መፈተኑ፣ ውጤቱ በማኅበረሰቡ ውስጥ ባለው የሕመሙ ስርጭት መሠረት መሰላቱ፣ መለያውም በማን፣ በምን ቋንቋ፣ በየትኛው ፈተና እንደተሰጠ። ከአራቱ ውስጥ የመጨረሻው ኃይለኛ ኮምፒዩተርም ሆነ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን የሚያውቁ ተመራማሪዎች ከአዛውንቱና ከልጆቻቸው ጋር ተቀምጠው ጊዜ ወስደው እንዲጠይቁ ነው። አልዛይመርም ማይክሮስኮፑን ከመክፈታቸው ከአምስት ዓመት በፊት የጀመሩት ከዚያ ነበር።